የሰው በር

በሩን ያገኘነው ከባሲሊዮ ግቢ ነው፣
የሞቱ መኪኖች ሣር ከሚያበቅሉበት፤
ከኋላ ወንበሩ ዶሮ ታቅፋ ነበር፣
እጄን ወጋችብኝ ቡሎን ስፈታበት።

«ስንት?» አለ ኤውሴቢዮ።
«ለአንተ ስል…» አለ ባሲሊዮ፣
ለማንም «ለአንተ ስል» የሚል ሰው ነው።
ተከራከሩ፣ ማቴ ጠጡ፣ ደግመው ተከራከሩ፤
በሁለት ጎማና ባንድ ድምፀ ሰላላ ራዲዮ ተስማሙ።
ዶሮዋ አልተሸጠችም።

መኪናው ፔጆ ነው፣ የስድሳ ስድስት፣ ወተት የመሰለ፤
በሩ አረንጓዴ፣ ባለቤት የሌለው፣ ጎኑ የቆሰለ።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ከፓይሳንዱ መውጫ፣
ብርቱካን የጫነ መኪና በቀኝ በኩል ገባ።
በኤርሚንዳ በኩል።
ልጆች ከአስፋልቱ ላይ ብርቱካን ሲለቅሙ ዋሉ።
እሷ ዳነች፤ ትከሻዋ ብቻ
ዝናብን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ያውቃል።
ከዚያ ወዲህ ባሏ
የተጨማደደውን በር በሽቦ አስሮ ይነዳል፤
እሷ ከኋላ፣ ቀጥ ብላ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ።
«ታክሲው ስንት ያስከፍልሻል?» ይሏታል ጎረቤቶች።
ትሥቃለች።
እሱ አይሥቅም።

ሐምሌ ነበር፤ እዚያ አገር የብርድ ወር፣
ወንዙ ጠዋት ጠዋት የሚጨስበት።
እኔ መብራት ያዥ ነበርኩ።
በር የሚበሰብሰው ከሥር ነው፤
ውሃ መውረጃዋ ቀዳዳ በቅጠል ስትደፈን
የዘነበበትን ሁሉ ውስጡ ያስቀራል፣
ከላይ ግን ያብረቀርቃል።
ኤውሴቢዮ ቀና ብሎ አየኝ፤
«በርም እንደ ሰው ነው» ሊል መሰለኝ።
«ካቻቢቴ አቀብለኝ» አለ።

ከሆዱ የወጣው፦ ሦስት የቢራ ቆርኪ፣
ግማሽ ማበጠሪያ፣
አንዲት የአሻንጉሊት ጫማ፣ የቀኝ እግር።
ልጥላቸው ስል እጄን ያዘ።
«የሰው ነው» ብሎ መደርደሪያው ላይ ደረደራቸው፣
ባለቤቶቹ ነገ የሚመጡ ይመስል።

መዶሻው ሲናገር፣ ላሜራው ሲመልስ፣
እብጠቱ ሲረግብ፣ ስርጉዱ ሲመለስ፣
ሦስት ሳምንት አለፈ ጆሯችን እስኪደክም፤
ብረት ልክ እንደ ቂም ባንድ ቀን አይለዝብም።

የበሰበሰውን ቆርጦ ጣለ፣ አዲስ ቁራጭ በየደ፤
በስቱኮ ደፈነ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ፣
ዐይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ዳሰሰ፣ ደግሞ ፋቀ።
ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ ግን አንዲት ቦታ ነበረች፣
የማናውቀው ሰው ክርን ለዓመታት ተደግፎባት
ቀለሟ ያለቀ፣ ብረቷ እንደ ሳንቲም የለሰለሰ።
ያቺን ዘለላት።

ነጩ ቀለም ተበጥብጦ፣ ብሩሹ ታጥቦ ሳለ
ኤርሚንዳ ምሳ ይዛ ገባች።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ጋራዥ አልረገጠችም።
በሩን ዞራ አየችው፤
ክርኗን ያቺ የለሰለሰች ቦታ ላይ አሳረፈች፣
ሳታስበው ይመስለኛል።
«ነጭ እንዳትቀባው» አለች።
«ለምን?»
«ነጩን በር አውቀዋለሁ።
ይህ ግን ምንም አላደረገኝም።»

አረንጓዴ ሆኖ ቀረ።

ገጠምነው። ዘጋው። ድምፁ አልጣመውም፤
የጣሳ ድምፅ ነው አለ።
ማጠፊያውን ላላ አደረገ፣ ጠበቅ አደረገ፣
ጎማውን ቀየረ፣ ሃያ ጊዜ ከፈተ፣ ሃያ ጊዜ ዘጋ።
በሃያ አንደኛው በሩ «ድም» አለ፣
ከባድ መጽሐፍ ሲከደን እንደሚለው።
ባትላሜራው ጎረቤት ሳይቀር አጨበጨበ።

እሑድ ጠዋት ኤርሚንዳ ወጣች።
አረንጓዴውን በር ራሷ ከፈተችው።
ቆመች፤ ቆየች።
ቦርሳዋን ከፊት ወንበሩ ላይ አስቀምጣ
ቀስ ብላ ዘጋችና
ከኋላ ገባች።

ኤውሴቢዮ ምንም አላለም።
ጎንበስ ብሎ
ከአደጋው ወዲህ ያስገባውን ቀበቶ ሳበና
ለቦርሳው አሰረለት።